«ንገሪያት» አለችኝ፣ ነገርኳት

የቅጥር ደብዳቤዬ «የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ» ይላል። ሥራው ግን ሌላ ነበር። አስተርጓሚ ነኝ፣ ሻንጣ ቆጣሪ ነኝ፣ ሲም ካርድ አውጪ ነኝ፣ ሆዱን ያመመውን ፈረንጅ ደግፌ ክሊኒክ የምወስደውም እኔው ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ፒያሳ፣ ከራስ መኰንን ድልድይ ብዙም የማይርቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ስሙን ልተወው። ግቢውም አሁን የለም፤ በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ እሱም አብሮ ፈርሷል።

ሃያ ስምንት ልጆች፣ ስድስት ሞግዚቶች፣ አንድ ዘበኛ። በዓመት አምስት ስድስት ቡድን ከውጭ ይመጣል። አብዛኞቹ ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚላኩ ወጣቶች ናቸው። ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ያቅፋሉ፣ ያዘምራሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፤ ያንኑ ግድግዳ የሚቀጥለው ቡድን እንደገና ይቀባዋል። አንዱ ክፍል በሦስት ዓመት ሰባት ጊዜ ቀለም እንደተቀባ ቆጥሬያለሁ።

ልባቸው ግን ንጹሕ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምለው ፈረንጅ ላማ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ ነው። የትኬታቸውን ገንዘብ ኬክ ሸጠው፣ መኪና አጥበው ያጠራቀሙ ልጆች ናቸው። እኔም ብሆን ለደመወዙ ብዬ አልገባሁም። ቸርቻችን ውስጥ ያዕቆብ 1፥27 ሲሰበክ ሰምቼ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በመከራቸው መጠየቅ የሚለው ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የገባሁት።

የሞግዚቶቹ አለቃ እቴቴ ነበረች። ሁሉም እቴቴ ነው የሚላት፤ ዳይሬክተሩም ጭምር። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ በጾም ጉዳይ ስንነዛነዝ እንውላለን። ፈረንጆቹ በእነሱ ገና ቸኮሌት ይዘው ሲመጡ ለእኛ ነቢያት ጾም ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆኑት ልጆች ይጾማሉ። እቴቴ ቸኮሌቱን በሙሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበትና በታኅሣሥ 29 ታወጣዋለች። እንግዶቹ ቅር ይላቸዋል። «ምን ብለሽ አስረዳሻቸው?» ትለኛለች። «ጥርሳቸው እንዳይበላ ነው አልኳቸው» እላለሁ። ትርጉም እንደሚመቸኝ ማጠፍ እችልበት ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጩጬ እንላታለን። በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ናት። ማንም ይሁን ማን፣ እጇን ዘርግታ «እቀፉኝ» ነው። ለለጋሾች በምንልከው ፎቶ ሁሉ ፊት ላይ አለች። ሪፖርት ስጽፍ «ፍቅር የተሞላች ልጅ» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ፋይሏ ደግሞ እናቷ እንደሞተችና አንዲት አክስት እንዳለቻት ይናገራል። የአክስትየዋን መስመር ተከትሎ የሄደ ሰው የለም። እኔም አልሄድኩም።

ታኅሣሥ 2010 አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን መጣ። ከመካከላቸው አንዷ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ፣ ከጩጬ ጋር ተጣበቀች። ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ከጀርባዋ አላወረደቻትም። ታጎርሳታለች፣ ታስተኛታለች፣ «ማሚ» በይኝ ብላ አስተማረቻት። እቴቴ ይህን እያየች ከንፈሯን ትመጣለች። እኔ ፎቶ አነሳለሁ።

የመሄጃቸው ቀን ሚኒባሱ ሞተር አስነስቶ ቆሟል። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የጩጬን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ታወራለች። ተመልሼ እመጣለሁ፣ እወስድሻለሁ፣ የእኔ ልጅ ትሆኛለሽ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ንገሪያት» አለችኝ።

እንደማይሆን አውቃለሁ። የቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ይሁን ይላል፤ እሷ ገና 22 ናት፣ ተማሪ ናት፣ ያላገባች ናት። የውጭ ጉዲፈቻ ሊዘጋ እንደሆነም በመሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ይወራ ነበር። ግን አሥራ አንድ ሰው እያለቀሰ ያየኛል፣ ሾፌሩ ቦሌ ይረፍድብናል እያለ ጡሩንባ ይነፋል፣ እኔም አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚለው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ጎንበስ አልኩ።

«ተመልሳ መጥታ ትወስድሻለች። ልጇ ትሆኛለሽ።»

ለቸኮሌት ያጠፍኩትን ትርጉም ለዚህ ሳላጥፍ ቀረሁ።

ጩጬ አላለቀሰችም። እንባዋን እየጠበቅን ነበር፣ የለም። በማግስቱ ግን ፌስታል ውስጥ አንድ ካልሲና አንድ እግሩ የወለቀ አሻንጉሊት ከትታ በሩ አጠገብ ያለችው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ለምሳ እየተጎተተች ነው የምትገባው። እቴቴ ጠየቀቻት፤ «ማሚ ልትመጣ ነው» አለች። እቴቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ኧረ ምንም፤ ቻው ነው ያለቻት።» ዋሸሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ጥር ላይ ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ዜናውን ቢሮ ውስጥ በስልኬ አነበብኩት። በመስኮት ስመለከት ጩጬ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃዋ ላይ ናት።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ ውሃ ጠፍቶ ሰነበተና ሮቶውን የሚሞላ ቦቴ አስመጣን። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዘበኛው ሾፌሩን «ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ወደ ኋላ ያስገባል። እኔ ደረሰኙን እፈርማለሁ። አሥር ደቂቃም አልሞላም። እቴቴ ለቁርስ ልጆቹን ስትቆጥር ሃያ ሰባት ሆኑባት። ደግማ ቆጠረች።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቁልቁል እስከ ድልድዩ ሮጥኩ፣ የለችም። ሽቅብ ተመለስኩ። ሱቁን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሎተሪ አዟሪውን ጠየቅኩ። አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ሳያስቀምጥ «ከፈረንጅ ጋር ነው ያየኋት፣ እጇን ይዛ ወደ ጊዮርጊስ» አለኝ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። ስለ ሕፃናት ስርቆት የሰማሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ።

አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ አገኘኋት። ሁለት አዛውንት ቱሪስቶች፣ ባልና ሚስት፣ መሐል ቆማለች። ሙዚየሙን ሊያዩ የመጡ ናቸው። አስጎብኚያቸውን «ይህች ልጅ የማን ናት?» እያሉ ያስጨንቁታል፣ እሱም ግራ ገብቶት እነሱን ያያል። ጩጬ የሴትየዋን አንድ ጣት ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። በሌላ እጇ ፌስታሉን። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ማሚ መጣች» አለችኝ።

ሴትየዋ ሰባ ዓመት ይሆናታል። ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ መነጽር ያደረገች፣ ከዘራ የያዘች። ከዚያች ተማሪ ጋር የሚያመሳስላት ነገር ቢኖር ነጭነቷ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ጀርባዋ ላይ የዋለችውን ሰው መልኳን አልያዘችም ማለት ነው። የያዘችው እኔ የነገርኳትን ቃል ነው።

ይዣት ስገባ እቴቴ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። እግሯን አጠበቻት፣ ፍርፍር አበላቻት፣ አስተኛቻት። ከዚያ ወጥ ቤት ዱካው ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«አንቺ ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እናቴ ቀሚስ ሥር እደበቃለሁ።»

«ይኸውልሽ። ልጅ እንግዳ ይፈራል። ወደ እንግዳ የሚሮጥ ልጅ የሚደበቅበት ቀሚስ የሌለው ልጅ ነው። አንቺ ደግሞ ፎቶ ታነሺዋለሽ።»

በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ ይህንኑ በስላይድ አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2000 ሩማኒያ፣ ቡካሬስት ላይ በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን ይዞ የተጀመረ ጥናት አለ። ግማሾቹን ለአደራ ቤተሰብ ሰጧቸው፣ የቀሩትን ካሉበት ሆነው ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ያገኙት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያገኙት፣ ከአንድ ሰው ጋር መጣበቅን በጣም በተሻለ ሁኔታ ተማሩ። ለማያውቁት ሰው ሁሉ እጅ መዘርጋት የፍቅር ብዛት እንዳልሆነም አሠልጣኙ ነገረን። በእኛ 2012 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማሳደጊያዎች ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን ሊጎዳ እንደሚችል በውሳኔው አነሳ። እቴቴ ዱካዋ ላይ ሆና ቀድማቸዋለች።

ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ አይምጡ ነው የምትይው?» ይለኛል። አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ እንጂ ሁለት ሳምንት አቅፈው አልሸኟቸውም። እስከሞቱበት 2013 ድረስ ከልጆች ጋር ነበሩ። ይህን ከሁሉም ሰው አልጠብቅም፣ ከራሴም አልጠበቅኩም። ግን አማርኛችን «መጠየቅ» ሲል ሁለት ነገር ነው የሚለው። እኛ ሄደን ማየቱን ያዝንና ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቁን ተውነው። እቴቴን ምን እንርዳሽ ያላት ቡድን በሦስት ዓመት ውስጥ አላየሁም። ብትጠየቅ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ብርድ ልብስ የሚያጥብ ሰው፣ ለሞግዚቶቹ በሳምንት አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን።

ከዳይሬክተሩ ጋር የነበረውን ጭቅጭቅ ልዝለለው፤ ለጋሽ ይሸሻል፣ አይሸሽም ነው በአጭሩ። የተወሰነው ሸሸም። ደንቡ ግን ተቀየረ። እንግዳ ከልጆቹ ጋር አያድርም፣ አያጎርስም፣ አያስተኛም፣ «ማሚ» አያስብልም። ሥራ ከፈለገ ከሞግዚቶቹ ጋር ይሥራ። ከዚያው የተማሪዋ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ብቻዋን መጥታ ሦስት ወር ቆየች። አማርኛ አትችልም፣ እቴቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ሁለቱ ብርድ ልብስ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጨምቁ እየተሳሳቁ ነው። እኔን አልፈለጉኝም።

ለተማሪዋም ጻፍኩላት። ቃሉን ማስተርጎም እንዳልነበረብኝ፣ ጩጬ ምን እንደሆነች፣ ሁሉንም። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ አጭር ኢሜይል መጣ፤ ምን ላድርግ የሚል ነበር።

አክስትየዋን ፈልገን አገኘናት። የት ቢሆን ጥሩ ነው? ሽሮ ሜዳ። ከግቢያችን በታክሲ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ጥጥ ፈትላ ነው የምትኖረው። ሁለት ጊዜ በራችን ድረስ መጥታ ተመልሳለች። «አሻንጉሊቱን አየሁ፣ ፈረንጁን አየሁ፣ ከእኔ ጋር ከምትራብ ብዬ ሄድኩ» አለችን። በወር የሚያስፈልጋትን ስናሰላው ጩጬ ግቢ ውስጥ ከምታስወጣው በጣም ያንስ ነበር። ተማሪዋ እሱን ልሸፍን አለች፤ ያለ ፎቶ፣ ያለ ስም።

ጩጬ ከሄደች ከዓመት በላይ ሲሆናት፣ እኔም ሥራ ከቀየርኩ በኋላ፣ አንድ እሑድ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝቼ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ። አክስትየዋ «ግቢ፣ ግቢ» ስትል ከኋላዋ የቀሚሷ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። አንድ ዓይን አየሁ፤ ወዲያው ተደበቀ።

አክስትየዋ አፈረች። «ምን ሆነሽ ነው አንቺ? እሷን አታውቂያትም እንዴ?» ብላ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ኧረ ተያት፣ ተያት» አልኳት። ሙዙን መደቡ ላይ አስቀምጬ ቡናው እስኪቆላ ተቀመጥኩ።