ሀብሃባችሁ አብቦ ፍሬ እንቢ ካለ

ወሎ ውስጥ መርሳም ሆነ ሐርቡ፣ ጓሮው ሀብሃብ የዘራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሐረጉ ለምልሟል፣ አጥሩ ላይ ወጥቷል፣ አበባው ቢጫ በቢጫ ሆኗል፤ ፍሬው ግን የታለ? አንዱ ዩሪያ ይጨምርበታል። ሌላው ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጣል። ከአጥራችን ማዶ ያሉት እማማ ደግሞ "ልጄ፣ ይሄ የሰው ዐይን ነው እንጂ እንዲህ ያማረ ሐረግ ምን ያረግፈዋል?" አሉኝ። "እማማ፣ እስቲ ነገ በጠዋት ልምጣና አብረን እንየው" አልኳቸው። ፀሐይ ስትወጣ ሄድኩ። አበባው ተከፍቷል፣ ሴቴዎቹም ወንዴዎቹም አሉ። ንብ ግን አንድም አልነበረም።

በኔ እምነት የብዙዎቻችን ጓሮ ችግር እሱ ነው። ማዳበሪያ አልጎደለም፣ ውኃም አልጎደለም። የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚያደርስ ነው የጠፋው። ዩሪያ ማብዛት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሐረጉ ቅጠል ብቻ ያወጣና አበባውን ይዘነጋል።

ሀብሃብ አንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው ቀጭን እግር ላይ ብቻውን ይቆማል። ሴቴዋን ለመለየት ከአበባዋ ሥር እዩ፤ ገና ሳትከፈት ፀጉራም እንጭጭ ይዛ ነው የምትመጣው። ባቄላ የምታክል ሀብሃብ ማለት ናት። ብናኝ ካገኘች ታድጋለች፣ ካላገኘች በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ ሆና፣ ጠውልጋ ትወድቃለች። ወንዴዎቹ ቀድመው ነው የሚያብቡት፣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊቀድሙ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ቢረግፉ አትደንግጡ፣ እነሱ ድሮም ፍሬ የሚሰጡ አይደሉም። የሀብሃብ ዘመድ የሆነው ሜሎን ትንሽ ለየት ይላል። አብዛኛው የሜሎን ዝርያ ላይ ፍሬ የምትይዘው አበባ ሴቴውንም ወንዴውንም አካል በአንድነት ይዛለች። ታዲያ ለምን ንብ ትፈልጋለች? ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ስለሆነ ከቦታው በራሱ አይነቃነቅም። ነፋስም አያነሳውም።

ጊዜውም አጭር ነው። አበባው ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይከደናል፣ በማግስቱ የለም። ሴቴዋ ብናኝ በደንብ የምትቀበለው ከንጋት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ንብ አንዴ መጥታ ብትሄድ አይበቃም፤ ለአንድ የሀብሃብ አበባ ቢያንስ 8 ጊዜ ያህል መመላለስ እንዳለባት፣ ጥሩ ቅርጽ ላለው ፍሬ ደግሞ ከ500 እስከ 1000 የሚደርስ የብናኝ ቅንጣት እንደሚያስፈልግ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ይናገራሉ። እያንዳንዱ የሀብሃብ ዘር የራሱን ብናኝ ይፈልጋላ! ዘር ያልያዘው ጎን አይወፍርም። አንገቱ የቀጠነ፣ በአንድ ጎኑ የጎበጠ ሀብሃብ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ብናኝ አንሶታል።

እንግዲህ ንቧ ካልመጣች እኛ እንሥራላት። በትምህርት ቤት ርክበ ብናኝ እያልን የሸመደድነውን በእጃችን ማለት ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ጤዛው ከአበባው ላይ እንደደረቀ ውጡ። በዚያኑ ዕለት የተከፈተ ወንዴ አበባ ከነእግሩ ቁረጡ። በጣታችሁ ስትነኩት ቢጫ ዱቄት ካስቀረ ደህና ነው፣ ካላስቀረ ሌላ ፈልጉ ወይም ትንሽ ጠብቁ። ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ገነጣጥላችሁ ጣሉና መሐሉን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ሴቴዋ አበባ መሐል ያለውን፣ ሦስት ቦታ የተከፈለውን ተለጣፊ ራስ፣ ሦስቱንም ክፍል እያዳረሳችሁ ቀስ ብላችሁ ቀቡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ እንጭጯንም በእጅ አትጫኗት፤ ከተላጠች ትወድቃለች። ለአንዲት ሴቴ 2 ወይም 3 ወንዴ ብትጠቀሙ ይሻላል። ወንዴው ከሌላ ሐረግ ቢሆንም ከዚያው ሐረግ ቢሆንም ችግር የለውም። ለሜሎን ስስ የቀለም ብሩሽ ይቀላል፣ አበባው ትንሽ ስለሆነ በጣት አይመችም። ሲጨርሱ እግሯ ላይ ባለቀለም ክር ላላ አድርጎ ማሰርና ቀኑን መጻፍ ነው። ክሩ በኋላ፣ መቁረጫው ሲደርስ ትልቅ ነገር ነው።

ይዛ እንደሆነ በሦስት በአራት ቀን ይታወቃል። አንገቷን ወደ መሬት ታዘነብላለች፣ እንጭጯም ታብጣለች።

በጣም ሲሞቅ፣ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ብናኙ ራሱ ይደክማል። እንደዚያ ባለ ሰሞን በጠዋት መነሳት ግዴታ ነው። ዝናብ በሚያነጋበት ቀንም ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፣ ብናኙም ይረጥባል። በክረምት ሀብሃብ አትሞክሩ የምለው አንድም ለዚህ ነው፣ አንድም ቅጠሉን በሽታ ስለሚጨርሰው።

ግን እጃችን ሁሌ አይደርስም፤ ንቦቹን መመለስ አለብን። ይህን ስል ከልቤ ነው። በቆላው በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ በሚለማበት ሁሉ መድኃኒት ይረጫል። መርጨቱን አልቃወምም፣ ሰው ምርቱን ማዳን አለበት። የሚያንገበግበኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ንብ አበባ ላይ ተኝታ እየቀሰመች ሳለ መርጨት የራስን ምርት መግደል ነው። እባካችሁ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ ርጩ። ጎረቤት ቀፎ ካለውም ቀድማችሁ ንገሩት፣ መግቢያውን ሸፈን ያደርገዋል። ጓሮ ውስጥ ደግሞ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ሱፍ ዝሩና ጥቂቱን ሳትቀጥፉ እንዲያብብ ተዉት። ሰፊ ሳህን ውስጥ ጠጠር አድርጋችሁ ውኃ አስቀምጡ፣ ንብ ሳትሰምጥ እንድትጠጣ። መሬት ውስጥ የጣዝማ ጎጆ ካገኛችሁም ማሩን ብላችሁ አትቆፍሩት፤ እሷም አበባ ትቀስማለች።

አሁን ስለ አየሩ። ሀብሃብ የሙቀት ተክል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዱን ጎረቤት ሱዳን ውስጥ ነው ያገኘው፣ የኮርዶፋን ሀብሃብ የሚባለውን። ስለዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለችው ደሴ ላይ ተክላችሁ ብታዝኑ ሀብሃቡ አይፈረድበትም። ኮምቦልቻ ይሞከራል። ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ መርሳ፣ ቆቦ ግን ቤቱ ነው። ዘሩ አፈሩ ሞቅ ሲል፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ፈጥኖ ይበቅላል፤ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ውኃ ላለው ሰው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለኔ ይመቸኛል። ለረመዳን ማፍጠሪያ እንዲደርስለት የሚፈልግ ደግሞ ከጾሙ መግቢያ 3 ወር ያህል ቀድሞ ይዝራ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የመዝሪያው ቀንም አብሮ ይቀድማል፤ ቅዝቃዜው ላይ ከወደቀ ደግሞ ሳምንታት ጨምሩበት።

አፈራችን ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ውኃ ይይዛል፣ ሥር ያንቃል። ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ የበሰበሰ ፍግ አብዙበት። ለጠባብ ጓሮ ሹገር ቤቢ የሚባለውን ትንሹን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ክሪምሰን ስዊት ትልቅና ጣፋጭ ነው፣ ግን ቦታ ይፈጃል።

ሜሎን የዘራችሁ ዋናውን ሐረግ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቁረጡት። ፍሬ የሚይዙት አበቦች በብዛት የሚመጡት ከጎን በሚወጡት ቅርንጫፎች ላይ ነውና። ሀብሃብን መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለቱም ላይ ግን ፍሬ አታብዙ፣ አንድ ሐረግ 2 ወይም 3 ይበቃዋል። የቀሩትን እንጭጮች አንሡ። ሰው ይሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ነው፣ ስምንት ፍሬ ከተካፈለው ስምንቱም ውኃ ይሆናል። ከፍሬው ሥር ደረቅ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዙ። የፍራፍሬ ዝንብ ካለም እንጭጩን ገና በትንሽነቱ በስስ ጨርቅ ወይም በጋዜጣ ሸፍኑት።

መቁረጫው የሚያስቸግረው ብዙ ሰው ነው። ሀብሃብም ሜሎንም ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ ስኳር አይጨምርም፤ ሜሎን ቤት ውስጥ ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ያሰራችሁት ክር እዚህ ላይ ነው የሚጠቅማችሁ። ሀብሃብ ብናኝ ካገኘበት ቀን ጀምሮ እንደ ዓይነቱና እንደ ሙቀቱ ከ30 እስከ 45 ቀን ይፈልጋል፤ ሜሎንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቀኑ ሲቃረብ ፍሬው አጠገብ ከሐረጉ የበቀለውን ጠምዛዛ ክር እዩ፣ ደርቆ ከሆነ ጥሩ ነው። መሬት የነካው ጎን ከነጭነት ወደ ቅቤ ቀለም መሄድ አለበት። መታ አድርጎ ድምፁን መስማትም አለ፣ እኔ ግን ከድምፁ ይልቅ ጠምዛዛውን ክርና መሬት የነካውን ሆዱን አምናለሁ። መረብ የለበሰው ሜሎን ከሐረጉ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ይሰነጠቅና ትንሽ ሲነኩት ይላቀቃል። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ውኃውን ቀንሱ፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፤ ደረቅ ሰንብቶ በድንገት ካጥለቀለቃችሁት ግን ይፈነዳል።

"ኪያር አጠገቡ ስለተከልኩ ሀብሃቤ ጣዕም አጣ" የሚሉም አሉ። አይደለም። ሀብሃብ ከኪያርም፣ ከዱባም፣ ከሜሎንም ጋር አይዳቀልም። ሜሎን ከሜሎን፣ ሀብሃብ ከሀብሃብ ግን ይዳቀላሉ፤ ያም ቢሆን የሚለወጠው ከዘሩ የሚበቅለው ነው እንጂ የዘንድሮው ሥጋ አይደለም። ዘር ማስቀረት የምትፈልጉ ከሆነ ነገ የምትከፈት ሴቴና ወንዴ እንቡጥ በዋዜማው ማታ ምረጡ፣ ጫፋቸውን በክር ወይም በትንሽ ጨርቅ ዝጉ። ጠዋት ፈታችሁ በእጃችሁ አገናኙና ሴቴዋን መልሳችሁ ዝጓት፣ እስክትጠወልግ። ዲቃላ ዘር፣ ማለትም ከሱቅ በፓኬት የሚሸጠው ኤፍ ዋን የተጻፈበት፣ እናቱን አይመስልም፤ ለዘር የሚሆነው ሌላው ነው። በደንብ ከበሰለው ፍሬ ዘሩን አውጥታችሁ እጠቡት፣ ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ጣሉ፣ የሰመጠውን ጥላ ሥር አድርቃችሁ በወረቀት ጠቅልሉና ዓይነቱንና ዓመቱን ጻፉበት።