ዋጋችን ከተነበበ በኋላ የተሰረዘ ጨረታ

ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር። «የቀረበው ዋጋ ከተያዘው በጀት በላይ በመሆኑ ጨረታው ተሰርዟል።» ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ። ሌላ ምንም የለውም።

ሥራዬ ለኮንትራክተር የጨረታ ዋጋ ማዘጋጀት ነው። ለዚያ የትምህርት ቤት ግንባታ ሦስት ሳምንት አምሽቻለሁ። የብረቱን ኪሎ፣ የኮንክሪቱን ሜትር ኩብ ከሥዕሉ ላይ አንድ በአንድ አወጣሁ። በመክፈቻው ቀን ዋጋችን ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ከአምስቱ ተጫራቾች ዝቅተኛው የእኛ ነበር። ከዚያ ሰባት ወር ዝም ተባለ። የጨረታ ማስከበሪያውን ሁለቴ ባንክ ሄደን አሳደስን። በመጨረሻ የመጣልን ያ ደብዳቤ ነው።

ሰው ሁሉ ስለጠፋው ወጪ ያወራል። እኔን የሚያንገበግበኝ የተነበበው ዋጋ ነው። ሥራው ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ሥዕል እንደገና ሲወጣ፣ ተፎካካሪዎቻችን የእኛን ቁጥር ደብተራቸው ላይ ይዘውት ነበር። የአሸናፊው ዋጋ ከበፊቱ ዋጋችን በትንሹ ብቻ ያንሳል።

ለምን አልተከራከራችሁም ትሉ ይሆናል። አለቃዬ «እስቲ በሰላም እንጠይቃቸው» አሉ። ስልክ ተደወለ፣ ቢሮ ተኬደ፣ ነገ ኑ ተባለ። ጠበቃ ዘንድ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቀችን «ደብዳቤው የደረሳችሁ መቼ ነው?» ብላ ነው። መልሱን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ራሱ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አልፏል።

ያን ቀን ግን ብዙ ነገር አስረዳችን። ማስታወቂያ ላይ «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስናይ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው፣ አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ እንደ ናሙና የሚያዩት የመንግሥት ግዢ ሞዴል ሕግ አንቀጽ 19 አለ። መሥሪያ ቤቱ የአሸናፊውን ሰነድ እስኪቀበል ድረስ መሰረዝ ይችላል ይላል። ግን ምክንያቱን መዝግቦ ለተጫራቾች ወዲያው ማሳወቅ አለበት። በመሰረዙ ብቻም ተጠያቂ አይሆንም፤ ስረዛው ኃላፊነት ከጎደለው ወይም ከተጓተተ አሠራር የመጣ ካልሆነ በስተቀር። ሰባቱን ወር አሰብኩ።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2002 በቪየና ከተማ ላይ በቀረበ ክስ ስረዛ ራሱ በፍርድ የሚመረመር ውሳኔ ነው ብሏል። ያ ጉዳይ የአገልግሎት ግዢ ነበር፤ ለእኛም ሙያ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ተሟግቶ የሚገኘው ከአገር አገር ይለያያል። ስረዛው ሊሻር ይችላል፣ የዝግጅት ወጪም ሊከፈል ይችላል። የቀረብንን ትርፍ መጠየቅ ግን ከባድ ነው፤ ሥራው ለእኛ ይሰጥ እንደነበር ማሳየት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚቀድመው ዕግድ ነው። አዲሱ ጨረታ ተከፍቶ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመለስ ነገር ትንሽ ነው።

ባለፈው ዓመት ሌላ ጨረታ ተሰረዘብን። ምክንያቱ ያው፣ «ከበጀት በላይ» ነው። በዚያው ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የግምገማውን ቃለ ጉባኤና በጀቱ የጸደቀበትን ሰነድ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን እስኪጻፍበትም ከዚያ አልወጣሁም። ቃለ ጉባኤው ሲመጣ የዋጋ ግምገማው ጨርሶ እንዳልተጀመረ አየን። ታዲያ ከበጀት በላይ መሆኑን ማን አሰላው?

ይህንኑ ይዘን ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታ አስገባን። ዳግም የወጣው ጨረታ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ታገደ። ክርክሩ ገና አላለቀም። ፖስታዎቹ ግን እንደታሸጉ ናቸው፤ አዲሱን ዋጋችንን እስካሁን ማንም አልሰማውም።