ልጅ ስናጣ መጀመሪያ የተመረመርሁት እኔ ነኝ

ልጅ ፈልገን ሳይሆንልን ሲቀር ሐኪም ቤት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ አይደለችም። ይህን የምጽፈው እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ጭነት ይዤ በማልፍባቸው ከተሞች ተቃራኒው ሲደረግ ስለማይ ነው። ሚስት ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል፣ ከሥር ማሽ ሥር ማሽ ትንከራተታለች። ባል አንድ ቀን አይመረመርም። «ጤነኛ አይደለሁ እንዴ?» ይላል። ወንድ በመኝታ ብርቱ ሆኖ ዘሩ ግን ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያለ ላብራቶሪ ማንም አያውቀውም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል።

እናቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። «ልጄ፣ አባትህ ያለ ዘር እንዲቀር ነው እንዴ? ሌላ ብታገባ ምን አለበት?» አለችኝ። «እማዬ፣ መጀመሪያ እኔ ልታይ» አልኋት፤ ዝም አለች። ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታለች፤ በማግስቱ አብረን ሄድን።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስንት ጊዜ እንደሞከርን ነው። መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ በየጊዜው እየተገናኙ 12 ወር ካለፈ ምርመራ ይጀመራል፤ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች 6 ወር ይበቃል። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። እኔ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ ከቢቸና ጤፍ ጭኜ በዓባይ በረሃ አዲስ አበባ እወጣለሁ፣ ስመለስም ብዙ ጊዜ ጾም ይጠብቀኛል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ የነቢያት ጾም ሲጨመር፣ በመኝታም ለሚጾም ሰው ዓመቱ ዓመት አይሆንም። ይህን ሁሉ ቀንሰን ነገርነው። እናንተም ስትጠየቁ ዓመቱን ሳይሆን በእውነት የተገናኛችሁበትን ጊዜ ተናገሩ።

የወንዱ ምርመራ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥበህ የዘር ፈሳሽ ትሰጣለህ። ከቤት ከሆነ የምታመጣው፣ ዕቃውን ልብስህ ውስጥ ሰውነትህ አጠገብ ይዘህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ አለብህ። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ለሴቷ ከሚታዘዙት ምርመራዎች ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም፤ እንዲያም ሆኖ ስንቱ ወንድ በኀፍረት ይሸሸዋል! የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ እንደ ዝቅተኛ መነሻ የሚወስደው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው፤ ከመቶ 42ቱም የሚንቀሳቀሱ ቢሆኑ ይጠበቃል። የእኔ በሁለቱም ዝቅ ያለ ነበር። አንድ ውጤት አይበቃምና ተደገመ፤ ያው ሆነ።

ሐኪሙ ከጎረመስሁ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እንደሆነ፣ በቅርቡ ወባ አትኩሶኝ እንደሆነ፣ ሽንት ሲያቃጥለኝ ሳልታከም የቀረሁበት ጊዜ እንዳለ ጠየቀኝ። ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬው ሊወርድ ይችላል፤ ከባድ ትኩሳት ለወራት ዘር ያሳንሳል፤ ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባለው፣ እንደ ጨብጥ በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ፣ ደግሞ የወንዱንም የሴቷንም ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። የእኔ ምክንያት ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ በግራ በኩል ፍሬው ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ ነበር፤ ቫሪኮሲል ይሉታል። ከ100 ወንዶች በ15 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ልጅ ካጡት ወንዶች ላይ ደግሞ ከዚህ ይበዛል። ደሙ ሲጠራቀም ሙቀት ይጨምራል፤ ፍሬ ደግሞ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ቀዝቀዝ ብሎ እንዲሠራ ነው።

ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው፤ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ከ70 ቀን በላይ ስለሚወስድ ዛሬ ያደረግኸው ለውጥ ከሦስት ወር በፊት አይታይም። በዚያ መሀል አረቄ አቆምሁ፣ በረሃውን ስወርድም ሙቀቱ እንዳይበዛብኝ እየቆምሁ ከጋቢናው መውረድ ለመድሁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ባልደረቦቼ ማወቅ ያለባቸው ሲጋራም ዘር እንደሚጎዳ ነው።

የባለቤቴ ምርመራ ጎን ለጎን ነበር የሚሄደው። የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸው በቀለም ራጅ ታየ። የወር አበባዋ ግን ይዛባ ነበር፤ አንገቷ ላይም ትንሽ እንቅርት አለ። በእኛ ደጋ አፈሩን ዝናም ስለሚያጥበው አዮዲን ያንሰዋል፣ እንቅርትም ብርቅ አይደለም። ደሟ ሲታይ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን አንሶ ተገኘ፤ ይህ ሲያንስ እንቁላል በጊዜው ላይወጣ ይችላል። ክኒን ታዘዘላት፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ቡናው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ ተባለች። ከሁሉ የከበዳት የቡናው ነበር። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝናው በፊት ጀመረች። በቤት አዮዲን ያለው ጨው ገዝተን፣ በክዳን ዕቃ አስቀምጠን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ጀመርን።

ጠበልም ሄደናል፤ ሰከላ ግሽ ዓባይ። እምነታችን ነው፣ መንፈሷም እዚያ በረታ፤ ለወራት ሲያስለቅሳት የነበረው የሰው ወሬ ቀለል አላት። የንስሐ አባታችን መምሬም «ክኒኑን እንዳታቋርጪ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው» አሏት። የተፈጨ ሥር በማር አምጥታ «በሳምንት ያስረግዛል» ያለችን ሴትም ነበረች፤ አልወሰድንም። መጠኑ የማይታወቅ ሥር ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ከክኒኑም ጋር ምን እንደሚሆን የሚናገር የለም።

የወር አበባዋ ሲስተካከል ቀን መቁጠር ተቻለ። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀድሞ ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። የወንድ ዘር ግን በማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ይኖራል። ስለዚህ የሚጠቅሙት እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት አምስት ቀናትና የሚወጣበት ቀን ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። ፈሳሿ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ብሎ ሲሳብ ጊዜው እንደደረሰ ታውቃለች። ለባለ መኪናው ጉዳዬን ሳልደብቅ ነገርሁት፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሹፌር ይሄድ ነበር። ቀኑ ጾም ላይ ሲውል ለሚቀጥለው ወር አሳለፍነው።

አረገዘች፤ ሴት ልጅ አለችን። ለእኛ እንደሆነው ያልሆነላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሰውነት ውጭ በላብራቶሪ ጽንስ የማስጀመሩን ሕክምና በመንግሥት ተቋም ጀምሯል፤ ሪፈር ማጻፍ ይቻላል።

የታይሮይድ ክኒን ለምትወስዱ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። እርግዝናው እንደታወቀ «ለልጁ ይጎዳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለባለቤቴም ብለዋታል። ክኒኑ አይቋረጥም። እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ብዙውን ጊዜ መጨመር ስላለበት፣ የወር አበባ እንደቀረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።