በባዶ ሆድ የተዋጠው ኮአርተም

በጣና ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ፣ ወባው ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነ ለማወቅ ታካሚዎችን ለ28 ቀናት እንከታተል ነበር። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። የጠዋቱን ፊታችን እናስውጣለን፣ የማታውን ለቤት እንሰጣለን። በ30 ደቂቃ ውስጥ ያስመለሰ ድጋሚ ይሰጠዋል።

ወሩ ኅዳር እየተገባደደ ነበር፤ ሩዝ ለማጨድ የመጣ ወጣት ሦስተኛው ቀን ላይ ደሙ ከወባ ተውሳክ ጠራ። በ21ኛው ቀን ግን ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ተመልሶ ማይክሮስኮፑ ሥር ታየ።

«በቃ፣ ተላምዷል!» አለ ወጣቱ የላቦራቶሪ ባልደረባችን።

አዲስ ትንኝ ነክሳው ቢሆንስ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው መጀመሪያና አሁን ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያደረቅነው ደም ነው፤ የሁለቱ ተውሳኮች ዘረመል ይነጻጸራል። ወረቀቶቹን ላክን፣ ለልጁም ሌላ መድኃኒት ተሰጠው።

አንጋፋዋ ነርሳችን ግን ወረቀት አልጠበቀችም።

«ልጄ፣ የማታውን ክኒን ምን አደረግኸው?»

«እራት በልቼ ዋጥኩት፣ ሲስተር።»

«የጠዋቱንስ?»

ልጁ ገረመው። «የጠዋቱንማ እናንተው አስዋጣችሁኝ! ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

መዝገቡን ገለጥን። በየጠዋቱ «ተወስዷል» ተብሎ ተፈርሟል፤ ስለ ምግብ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ተውሳኩን በፍጥነት ጨፍጭፎ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። የተረፈውን የሚለቅመው ሉሜፋንትሪን ነው፤ እሱ ደግሞ ቅባት ያለው ምግብ ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ሦስተኛው ቀን ጠርቶ በኋላ መመለሱ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይገጥማል እንጂ አያረጋግጥም፤ ባልደረባችን እዚህ ላይ አልለቀቀንም፣ እውነትም አለው። የወረቀቱ ውጤት ሲመጣ ተውሳኩ ያው የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ «ሕክምናው አልሠራም» ተብሎ ተመዘገበ። ተላምዷል ለማለት ግን በሰባተኛው ቀን ደሙ ውስጥ ምን ያህል ሉሜፋንትሪን እንደነበረ ማየት ይጠቅም ነበር፤ እኛ አልለካንም።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ላይ «ምን በላ?» የሚል ዓምድ ገባ። ሲስተርም ለውዝ በሰሃን ይዛ ጠዋት ጠዋት ትቀመጣለች፤ የሚያመነታውን «ለታመመ ይፈቀዳል፣ የነፍስ አባትህን ጠይቅ» ትለዋለች። አንዲት እናት ሰሃኑንም እሷንም አየት አድርገው፦

«ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ ጾም ማስፈታት ጀመራችሁ?»