ጉርሻውን እናቆየው፤ ሕፃኑ በእጁ ይብላ

6 ወር የሞላው፣ አንገቱን ያጸና፣ ትንሽ ደገፍ ሲያደርጉት የሚቀመጥ ሕፃን በእጁ መብላት ሊጀምር ይችላል። ጡቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ባሕር ዳር አቮካዶና ማንጎ አይጠፋም፤ የበሰለ የበሰለው ተመርጦ ከዚያ ይጀመር። በዚህ ዕድሜ የሚጨብጠው በሙሉ መዳፉ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ከጭብጡ የተረፈውን ጫፍ። ስለዚህ ቁራጩ የአዋቂ ጣት ያህል ይርዘም። ካሮትና ስኳር ድንች በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቀል። 9 ወር ገደማ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መልቀም ሲጀምር ቁራጩ ያንሳል።

ከጣና ዓሣ ቀረሶ ይሻላል፤ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው የጣና ዓሣ ቀጫጭን እሾህ ይበዛበታል። ፊሌቶ ቢሆንም ከበሰለ በኋላ በጣት እየፈረፈሩ መዳበስ ግድ ነው። ጨውና በርበሬ አይግባበት። እንጀራ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ በሽሮ ይራስ። ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ማርም 1 ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም።

ምግቡን ድምፅ እያሰማ ወደ ፊት ከመለሰው ራሱን እየጠበቀ ነውና ይተው። ጣት መስደድ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ድምፁ ከጠፋ ግን ታንቋል፦ ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ የደረቱን መካከል በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ መጫን። እስኪወጣ እያፈራረቁ፣ ሰው ለእርዳታ መጥራት።

እማማ ጉርሻ ሲያዘጋጁ «አይ» ማለት ይከብዳል። ቁራጩን ትሪው ላይ እንዲያስቀምጡለት ይለመኑ፤ መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው እሱ ነው።