ዓርብ የተቀዳው ደም

የምሠራው ስዊድን ውስጥ በአንድ የምርምር ላብራቶሪ ነው። ሥራችን የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕሙማን ሴሎች ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን መለካት ነው፤ በተለይ ዲኦክሲሲቲዲን ካይኔዝን፣ እኛ ዲሲኬ የምንለውን። ሳይታራቢን አሜሪካ ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያገኘ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው ፈጣን የደም ካንሰር ዛሬም በዋናነት የሚታከመው በእሱ ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ገና መድኃኒት አልሆነም። ዲሲኬ የመጀመሪያውን ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች ሁለት ይጨምሩለታል፤ ዲኤንኤ እንዳይባዛ የሚያደርገው ሦስቱን ሲይዝ ነው። ዲሲኬ የሌለው ሴል መድኃኒቱ ቢፈስበትም ግድ አይሰጠው።

አንድ ሰኞ አብሮኝ የሚሠራው የዶክትሬት ተማሪ ፊቱ በርቶ መጣ። ሳይታራቢን አልሠራላቸው ያለ አንድ ታካሚ አሉ፤ የእሳቸው ዲሲኬ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኘ። ለሐኪማቸው ሊጽፍ ኮምፒውተሩን ከፍቷል። ውጤታችን ለምርምር እንጂ ሕክምና የሚወሰንበት አይደለም፤ ግን ቁጥር አንዴ ሐኪም ጆሮ ከገባ ማን ይመልሰዋል?

ልኬቱን አየሁት፤ እንከን የለውም። ዲሲኬ በተፈጥሮው ፎስፌት የሚለጥፍበት ዲኦክሲሲቲዲን፣ ትሪቲየም (ጨረር ያለው ሃይድሮጅን) ተደርጎበት፣ ከሴሉ ከወጣው ፕሮቲን ጋር 37 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ትንሽ ክብ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። ፎስፌት ያገኘው ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ያላገኘው ሲታጠብ ይሄዳል። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ቲኬ2 የሚባል የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይም ጣልቃ እንዳይገባም ጨረር የሌለው ታይሚዲን አብዝቶ ጨምሯል።

«ደሙ መቼ ተቀዳ?» አልኩት።

«ዓርብ።»

«ሴሎቹስ መቼ ተለዩ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ቅዳሜና እሁድን ፍሪጅ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። ትኩስ ደም ፊኮል በሚባል ከባድ ፈሳሽ ላይ አድርገን በሴንትሪፉጅ ስናዞረው ሊምፎሳይቶችና የሉኪሚያ ሴሎች መሐል ላይ ቀለበት ሠርተው ይቀራሉ፤ ቀይ ሴሎችና ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይዘቅጣሉ። ደሙ ከቆየ ግን ኒውትሮፊሎቹ ክብደታቸው ይለወጥና ከቀለበቱ ጋር ተንሳፍፈው ይወጣሉ።

ከተረፈው ሴል ጠብታ ወስጄ ስላይድ ላይ ቀባሁና ጂምሳ በሚባለው ማቅለሚያ አቀለምኩት። ጂምሳን አገር ቤት የወባ ስላይድ ሳነብ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች ማሽን እንጂ ስላይድ አይወዱም። ማይክሮስኮፑ ሥር ኒውክለሳቸው የተከፋፈለ ኒውትሮፊሎች ሞልተዋል፣ የሉኪሚያ ሴሎቹ እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ።

ኒውትሮፊል ደግሞ ቁጥሩን በሁለት በኩል ነው የሚያወርደው። የራሱ ዲሲኬ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሲቲዲን ዲአሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሞልቶታል፤ ይሄኛው ዲኦክሲሲቲዲኑን ወደ ዲኦክሲዩሪዲን ቀይሮ ዲሲኬ የሚሠራበትን ያሳጣዋል። ሳይታራቢንንም ሰውነት ውስጥ የሚያመክነው ይኸው ኢንዛይም ነው።

ልጁ ስላይዱን ደጋግሞ አየ፤ ደብዳቤውን አልላከውም። በዚያው ሳምንት አዲስ ደም ተቀድቶ የዚያኑ ቀን ሲለይ ቁጥሩ ከሌሎቹ ታካሚዎች ጋር ተቀራረበ። መድኃኒቱ ለምን እምቢ እንዳለ ግን አልታወቀም። አሁን ሳምኤችዲ1ን እየፈተሸ ነው፤ ሦስቱንም ፎስፌቶች ከመድኃኒቱ ላይ ነቅሎ የሚያመክን ኢንዛይም ነው፣ ሳይታራቢንን እንደሚያደናቅፍም በ2017 ታይቷል። የዓርብ ከሰዓት ደም መቀበል ትተናል፤ ደሙን የሚልኩልን የሕሙማን ክፍል ነርሶች አልወደዱትም።