ከቀለም በፊት ያለው ሥራ

የምሠራው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ፣ ሻርጃ ከተማ፣ ጀልባና በውሃ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ጄት ስኪ በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌ ወር አንድ ጄት ስኪ ለቀለም ብቻ ተብሎ መጣ። የባለቤቱ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ከሆዱ ፊት ለፊት ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ይደፈኑ፣ ከላይ ሰማያዊ ቀለም ይቀባ፣ ለዓርብ ይድረስ። ስንጥቆቹ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ተጠግነውና ተቀብተው እንደነበር የነገረን ሊወጣ ሲል ነው።

ሥራው የደረሰው አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት መኪና ሲቀባ ለኖረ ወጣት ባልደረባዬ ነው። እጁ የተባረከ ቀቢ ነው። ወዲያው ብርጭቆ ወረቀቱን አዘጋጀ፣ ስንጥቅ የሚደፈንበትን ስቱኮ ከፈተ። ዋናው ባለሙያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከኪሳቸው የአንድ ድርሃም ሳንቲም አውጥተው ከጎኑ ተንበረከኩ። የጄት ስኪውን ሆድ ከኋላ ጀምረው በሳንቲሙ ጠርዝ ቀስ እያሉ መቱት። ጥርት ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ነበር። ስንጥቆቹ አጠገብ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። የታፈነበትን ዳርቻ በእርሳስ እየከበቡ ሄዱ። ክቡ ሲዘጋ በዓይን ከሚታየው ስንጥቅ በብዙ እጥፍ የሰፋ ነበር።

«ልጄ፣ ስቱኮውን ክደነው። ይህ ከውስጥ ለቋል።»

«ጋሼ፣ ላይ ላዩን እኮ ነው የሚታየው። ሰውየው ደግሞ ለዓርብ ይፈልገዋል።»

«ዓርብ ይመጣል፣ ይሄዳል። ውስጥ የገባው ውሃ ግን እዚያው ነው።»

በጣም የማከብራቸው በዚህ ነው። ደንበኛ ተጣድፏል ብለው እጃቸውን አያጣድፉም።

ሁሉም ስንጥቅ እንዲህ አይደለም። በእጅ በተሠራ የፋይበር ግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ፣ ጀልባ ላይ ከላይ ያለው ጄልኮት የሚባለው ሽፋን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እሱ ብቻ ሲሰነጠቅ ከሥር ያለው አካል ደህና ሊሆን ይችላል። ይህንን ለመለየት ግን መክፈት ያስፈልጋል። ባልደረባዬ በግራይንደር ቀለሙን ሲያነሳው ወፍራም የመኪና ስቱኮ ወጣ። ስቱኮው እርጥብ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ቀድሞ የተለጠፈ የፋይበር ግላስ ልጣፊ ተገኘ። ጋሼ የስክሩ መፍቻ ጫፍ ከዳር አስገብተው ብድግ ሲያደርጉት፣ የበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደሚነሳ አንድም ሳይቀር ተነሳ። በቦታው የቀረው አካል ልሙጥ ነበር፤ ምንም ነገር ተጣብቆበት የማያውቅ ይመስላል።

ምክንያቱን እዚያው ቆመን አየነው። ሲፈጭ የሚወጣው አቧራ ግራጫና ኖራ መሰል ነው፤ ውስጡ በየአቅጣጫው የተበተኑ አጫጭር የመስታወት ክሮች አሉበት፤ የተደራረበ ጨርቅ አይታይም። ይህ ኤስ ኤም ሲ የሚባለው ነው። ብዙ የጄት ስኪ አካላት የሚሠሩት ሬዚን የሚባለው ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽና ክር ተቀላቅሎ በጋለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ ነው። ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ከድብልቁ ጋር አብሮ ይገባል። ያው ንጥረ ነገር በኋላ የሚለጠፍበትንም ነገር ያስለቅቃል። ርካሹ የፖሊስተር ሬዚን እዚህ ላይ አጥብቆ አይዝም፤ የሚያስፈልገው ኤፖክሲ የሚባለው አጥብቆ የሚይዝ ሬዚን ነው። የመጀመሪያው ጠጋኝ በፖሊስተር ለጥፎ፣ በስቱኮ ደልድሎ፣ ቀለም ቀብቶ ነው የሸኘው። ስቱኮው ደግሞ ውሃ ይመጥጣል፤ ከውሃ መስመር በታች ቦታ የለውም።

ባለቤቱ በስልክ ሲሰማ ተቆጣ። ገንዘብ ልትጨምሩብኝ ነው አለ። ጋሼ ክርክር አልገጠሙም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ለመኑት። መጣ። የተነሳውን ልጣፊ እጁ ላይ አስቀመጡለት፣ በተከፈተው በኩል ጣቱን እንዲያሳልፍ አደረጉት። ከዚያ በዓረብኛ የጠየቁት ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ከኋላው ማንን እንደሚያፈናጥጥ ነው። ልጁን እንደሆነ ተናገረ። በፍጥነት እየሄደ ማዕበል ሲመታው ይህ ቦታ ቢከፈት ውሃው በቀጥታ ሞተሩ ያለበት ክፍል ይገባል፤ ከባሕሩ ዳርቻ ርቆ የቆመ ሞተር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሰውየው ዓርብን ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ማድረቁ ነበር። ጨው ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አጠብነው፣ ከዚያ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አስገብተን ማራገቢያ ከፈትንበት። ባልደረባዬ በእጁ ዳስሶ ደርቋል አለ። ጋሼ ቁራጭ ላስቲክ አምጥተው ቦታው ላይ ዘረጉ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው አሳደሩት። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጥቃቅን ጠብታዎች ተሰልፈው ነበር። ባልደረባዬ ጠብታዎቹን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ማራገቢያውን ራሱ መልሶ ከፈተው። በዚያ እርጥበት ላይ ቢለጠፍና ቢቀባ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ አረፋ ያወጣ ነበር።

ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ሲያድር ወደ ጥገናው ገባን። ሰምና ቅባቱን በአሟሚና በንጹሕ ጨርቅ ማስለቀቅ ከመፋቅ ይቀድማል፤ ቀድሞ የተፋቀ እንደሆነ ብርጭቆ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ውስጥ ይሞጅረዋል። ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሄድ ጫፍና ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳን። ቀጥሎ ዳሩን በሰያፍ መፍጨት ነው። መለኪያው የአካሉ ውፍረት 12 እጥፍ ነው፤ እዚህ 5 ሚሊ ሜትር ስለነበር በየጎኑ 60 ሚሊ ሜትር ወሰድን። ደህና የሚመስለውን አካል ያን ያህል መፍጨት ለመኪና ቀቢ ልብ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን አዲሱ የመስታወት ክር ጨርቅ የሚይዘው በዚያ ስፋት ነው።

በአገሩ ሕግ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ ነው። ለኤፖክሲውም ያ ሰዓት አይሆነውም፤ ንጋት ላይ በጠበጥነው፣ ያውም በዝግታ ከሚያደርቀው ሃርድነር፣ ከማጠንከሪያው፣ ጋር። ጋሼ ድብልቁን በጥልቅ ኩባያ አያስቀምጡም፤ በሰፊ ሳህን ያሰፉታል። ኩባያ ውስጥ ከታመቀ በራሱ ሙቀት ይጨሳል። ከውስጥም ከውጭም በሁለት አቅጣጫ የተሰፋውን ጨርቅ ለጠፍን፤ ትልቁ መጀመሪያ፣ ትንሹ በላዩ፣ አየሩን በሮለር እያስወጣን።

ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚተወውን ቅባት መሰል ነገር በውሃና በሻካራ ስፖንጅ አጠብን። ከዚህ በኋላ ያለው የባልደረባዬ ግዛት ነበር። በኤፖክሲ መሙያ አስተካከለው፣ ጥቁር ቀለም ስስ አድርጎ ነፋበት፣ ረጅም እንጨት ላይ በተወጠረ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ጎድጎድ ያለው ቦታ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ እሱን ሞላ፣ ደግሞ ፋቀ። ከሻካራው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ እስከ ለስላሳው 320 ድረስ አንድም እርከን አልዘለለም። ከቀለሙ ሥር የሚገባውን ፕራይመር ከመንፋቱ በፊት ጋሼን ጠራቸው። ሳንቲማቸውን ይዘው መጡ፤ ከዳር እስከ ዳር ድምፁ አንድ ዓይነት ነበር።

ቀለሙ ደርቆ ጄት ስኪው ሊወጣ ሲል ባልደረባዬ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ከውስጥ በኩል ባለው ልጣፊ አጠገብ በማይለቅ እስክሪብቶ ቀኑንና «ኤፖክሲ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛም በዓረብኛም ጻፈ። ፖሊስተር በደረቀ ኤፖክሲ ላይ በደንብ ስለማይይዝ ወደፊት የሚጠግነው ሰው ይህንን ማወቅ አለበት። እንዲጽፍ ያዘዘው ሰው አልነበረም።